«መግዛት» ውስጥ የሌለው ዛጎል «ሠራተኛ» ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ዱከም አካባቢ ባለ የቻይናውያን ፋብሪካ ስቶር ውስጥ እሠራለሁ። ቻይንኛ መማር ከጀመርኩ ዓመት ሆነኝ። ዕቃ፣ ክፍያ፣ ሒሳብ፣ ውድ በሚሉት ሃንዚዎች (የቻይንኛ የጽሕፈት ምልክቶች) ውስጥ አንድ ትንሽ ቅርጽ ይደጋገምብኛል። አስተማሪዬ «ዛጎል ነው፤ ገንዘብን ያመለክታል» አሉኝ። ታዲያ «መግዛት» እና «መሸጥ» ውስጥ ለምን የለም? «ሠራተኛ» እና «ደንብ» ውስጥስ ምን ይሠራል? ነገሩ እንዲህ ከሆነ ቡሾው (በሃንዚዎች ውስጥ የሚደጋገመውን እንዲህ ያለ መለያ ክፍል) መማር ይጠቅማል ወይስ እያንዳንዱን ሃንዚ እንዳለ ልሸምድድ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ አስተማሪሽ ልክ ናቸው፤ አንቺም ያየሽው ልክ ነው። ቻይንኛ ሳስተምር በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ተማሪው «ዛጎል ማለት ገንዘብ ነው» ተብሎ ይጀምራል፤ አንድ ቀን ዛጎሉ ከገንዘብ ጋር ምንም የማይገናኝበት ቃል ይገጥመዋል፤ ከዚያ «ቡሾው የሚሉት ተረት ነው» ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። አንቺ አትተዪው። ዛጎሉ የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ፣ የትኛውን ደግሞ እንደማይሠራ ለይተሽ ካወቅሽ አያሳፍርሽም።

ብዕር ያዢና አብረን እንጻፈው። የእኛን «በ» ጻፊ፤ አናቱ ግን ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው ይሁን። በሁለቱ እግሮች መሃል ከላይ ተነስቶ ወደ ግራ እየታጠፈ የሚወርድ ጭረት ጣዪ፤ ከእሱ በስተቀኝ ነጥብ የምታህል አጭር ጭረት ጨምሪ። በአራት ጭረት አለቀ። ስሙ «ቤይ» ነው፤ በአራተኛው ቃና፣ ከላይ ወደ ታች ተወርውሮ የሚባል። (በፊደላችን የምጽፍልሽ ድምፅ ሁሉ ግምት ነው፤ ትክክለኛውን ከአስተማሪሽ አፍ ስሚው።) የቅርጹ «በ» መምሰልና የስሙ በ«በ» መጀመር አጋጣሚ ነው፤ ለእኛ ግን ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ ተማሪዎቼ አንዴ ከሰሙት አይረሱትም። በታይዋንና በሆንግ ኮንግ የሚጻፈው የቀድሞው ቅርጽ ሰባት ጭረት አለው፤ ሁለት አግድም መስመር ያለው ቁመታም ሳጥን ሆኖ ከሥሩ ሁለት አጫጭር እግሮች ወጥተውለታል።

ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በአጥንትና በኤሊ የሆድ ልባስ ላይ ሲቀረጽ ግን ሥዕል ነበር፤ የዛጎሉ ሆድ ከነስንጥቁ። አንቀልባ ላይ የተሰፋ ዛጎል አይተሽ ከሆነ ያን ጥርስ ጥርስ የሚመስል ስንጥቅ ታውቂዋለሽ። የቻይናዎቹም ከሞቃት ባሕር የሚለቀመው ያው ትንሹ ዛጎል ነበር። የሻንግ ነገሥታት ከተማ የነበረችው አንያንግ፣ ዛሬ ሄናን ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከባሕር የራቀች ናት፤ ዛጎሉ እዚያ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይለዋወጣል፣ ስለዚህም ይከበራል። አሞሌ ጨው ከአፋር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር እንደነበረው ማለት ነው። በ1976 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንያንግ ላይ ሳይዘረፍ የተገኘው የንግሥት ፉ ሃው መቃብር ውስጥ ከ6,000 በላይ ዛጎል ወጥቷል። በ1963 ሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ ባውጂ ላይ የተገኘ አንድ የነሐስ ዕቃ ደግሞ የጆው ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ለአንድ ሹመኛው 30 «ፐንግ» ዛጎል እንደሸለመው በላዩ ተጽፎበታል። ፐንግ በክር የተሰካ የዛጎል ጥንድ ነው። ቃሉን ታውቂዋለሽ፤ ጓደኛ ለማለት «ፐንግዮው» ስትዪ የምትጽፊው፣ ሁለት «ጨረቃ» ጎን ለጎን የቆመ የሚመስለው ሃንዚ ነው። ጨረቃ አይደለም፤ የተንጠለጠሉ የዛጎል ክሮች ናቸው።

ያኔ ዛጎል ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚገዛበት ሳንቲም ነበር ወይስ የነገሥታት ሽልማትና የቀብር ስጦታ የሚለው ላይ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ በነሐስ ጽሑፎቹ ላይ ዛጎል በብዛት የሚነሳው ሲሸለም ነውና። ሀብትና ክብር መሆኑ ግን አያከራክርም። ሹ ሸን የተባለው ሊቅ በ100 ዓ.ም. ባጠናቀቀው መዝገበ ቃላቱ ጥንት ዛጎል እንደ ገንዘብ እንዳገለገለ፣ በቺን መንግሥት ጊዜ ግን ቀርቶ ሳንቲም እንደተተካ ጽፏል። በደቡብ ምዕራቧ ዩናን ግን ዛጎል ገበያ ላይ እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ድረስ ዘልቋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልብ። ቡሾው የሚለው ቃል ራሱ «የክፍል ራስ» ማለት ነው። የመዝገበ ቃላት ሥርዓት ነው። በ1716 የተጠናቀቀው የካንግሺ መዝገበ ቃላት ከ47,000 በላይ ሃንዚዎችን በ214 ቡሾዎች ሥር ደርድሯቸዋል፤ ዛጎል 154ኛው ነው። አንቺ ስቶር ውስጥ ስለምትሠሪ ይህ ለአንቺ ቅርብ ነው። መደርደሪያው ላይ «ብሎን» ተብሎ ቢለጠፍ የትኛው ብሎን፣ ስንት ቁጥር እንደሆነ አይነግርሽም፤ ከቀለምና ከቧንቧ ግን ይለይልሻል። ቡሾውም የመደርደሪያ ጽሑፍ እንጂ ትርጉም አይደለም። «ዛጎል ገንዘብ ማለት ነው» ከማለት ይልቅ «ዛጎል ያለበት ቃል ብዙ ጊዜ ከሀብት መደርደሪያ ነው» ብትዪ ግማሹ ግራ መጋባት ይጠፋል።

የቀረው የሃንዚው ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ይሰጥሻል፤ ተማሪ የሚዘነጋው ይህን ነው። በየቀኑ የምታዪውን «ኹዎ» ውሰጂ፣ ዕቃ ወይም ሸቀጥ የሚለውን። ከታች ዛጎል፣ ከላይ ደግሞ «ኹዋ» የሚባል፣ መለወጥ ማለት የሆነ ሃንዚ ተቀምጧል። ኹዋ፣ ኹዎ፤ ድምፁ ቀርቧል። ዕቃ ሲገባ «ጂን ኹዎ»፣ ሲላክ «ፋ ኹዎ» የምትዪው ይኸው ነው። ቸርቻሪ የሚለው «ፋን» በግራው ዛጎል፣ በቀኙ ሌላ «ፋን» አለው። ሀብት የሚለው «ትሳይ» በቀኙ ያለው ያው «ትሳይ» ነው፣ በቃና እንኳ አይለይም። ሒሳብ ወይም የሒሳብ መዝገብ የሚለው «ጃንግ» በቀኙ ማደግ የሚለውን «ጃንግ» ይዟል። በግዢ ክፍል ወረቀቶች ላይ ያለው «ጎው» ደግሞ በቀኙ «ጎው» የሚባል መንጠቆ አለው። የእሱ ታሪክ ደስ ይላል፤ የድሮው ቀኝ ክፍል አሥር ጭረት የሚፈጅ ውስብስብ ነበር፣ ሲቀል በዚህ ቀላል መንጠቆ ተተካ፣ ድምፁም አልጠፋም። ማቅለል ሁሉ ጥፋት አይደለም።

እነዚህን አምስቱን ለብቻቸው ብትሸመድጃቸው አምስት ባዳዎች ናቸው። ዛጎሉንና ቀኙን ለይተሽ ካየሽ ግን አንድ አዲስ ቅርጽና አምስት የምታውቂያቸው ድምፆች ናቸው።

ሁለት ሃንዚዎች ግን በጥንቃቄ ይያዙ፦ «ፒን» ድሃ፣ «ታን» ስግብግብ። ሁለቱም ከታች ዛጎል አላቸው፣ ከላይ ደግሞ በሩቅ የጣሪያ ክፈፍ የሚመስል ነገር። የ«ፒን» አናት መክፈል፣ ማካፈል ማለት ነው፤ ሁለት የተለያዩ ክንፎች ከሥራቸው ቢላ። ሹ ሸን ራሱ ድህነትን ሀብት ተከፋፍሎ ማነስ ብሎ ነው የፈታው። የ«ታን» አናት «አሁን» የሚለው ሃንዚ ነው፤ ክንፎቹ ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል። እዚያ ላይ የተቀመጠው ለድምፅ ነው፣ ዛሬ ግን ድምፁ በጣም ርቋል። ክንፎቹ ከተለያዩ ድሃ፣ ከገጠሙ ስግብግብ። ሰው ፊት ስታነቢ እነዚህን መቀያየር ያስቀይማል።

እኔን ከዚህ ቤተሰብ አብልጦ የሚማርከኝ የዕዳው ወገን ነው። የኃላፊው ቢሮ በር ላይ «ፉዘ ረን» የሚል ታያለሽ፤ የበላይ ኃላፊ፣ ተጠያቂ ሰው። «ፉ» መሸከም ነው፤ ከላይ ያለችው ትንሽ መንጠቆ የመሰለች ነገር በጥንቱ አጻጻፍ ሰው ነበረች፣ ዛጎሉ ላይ ያጎነበሰ ሰው። «ዘ» ዛሬ ኃላፊነት ቢሆንም ጥንት ዕዳ፣ ዕዳ መጠየቅ ማለት ነበር፤ ከታች ዛጎል፣ ከላይ እሾህ የነበረ የድምፅ ክፍል። «ሰውዬው የሚጠየቅበት ገንዘብ» እየሰፋ ሄዶ «ሰውዬው የሚጠየቅበት ነገር ሁሉ» ሆነ። እኛስ ከገንዘብ ያለፈውን አደራ «ዕዳው የእሱ ነው» እንል የለ? ቃሉ እንዲህ ሲሰፋ ለጥሬው የገንዘብ ዕዳ መለያ አስፈለገና በግራው የሰው ምልክት ጨመሩለት፤ እሱ «ጃይ» ተባለ። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፊያቸው፤ አንደኛው በሌላው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ። መደርደሪያውን ስታውቂ ታሪኩም ይከተላል የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መግዛትና መሸጥ። ዛጎሉ ነበራቸው፣ ጠፋባቸው እንጂ። በቀድሞው አጻጻፍ «ማይ» መግዛት ከላይ መረብ፣ ከታች ዛጎል ነበር። «ማይ» መሸጥ ደግሞ በዚያው በመግዛት ላይ «መውጣት» የሚለው ተጭኖ ነው የተሠራው፤ የተገዛ ወጣ ማለት ተሸጠ ነው። ሰዎች በፍጥነት በብሩሽ ሲጽፉ ዛጎሉን በጥቂት ጭረት ያሳጥሩት ነበር፤ በ1956 በወጣው የማቅለያ ዕቅድ ያ የጥድፊያ ቅርጽ መደበኛ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ዛጎል ፈልገሽ አታገኚም። ልዩነታቸው መሸጥ አናቱ ላይ «አሥር» የሚለው መስቀል መኖሩ፣ መግዛት ደግሞ አለመኖሩ ነው። በድምፅ መግዛት ሦስተኛ ቃና ነው፣ ወርዶ የሚነሳ፤ መሸጥ አራተኛ ነው፣ ተወርውሮ የሚወድቅ። ይህችን መስቀል ቀላል አድርገሽ አትያት። የማውቀው አንድ ነጋዴ ውል ላይ «ገዢው ወገን» እና «ሻጩ ወገን» ተምታተውበት የጭነቱን ወጪ ራሱ ላይ ፈርሟል፤ የጠፋው ገንዘብ ትንሽ አልነበረም። የቀድሞውን ቅርጽ አንድ ቀን ብቻ ቁጭ ብለሽ ጻፊው፤ ለፈተና አይጠይቁሽም፣ ግን ዛሬ የምታዪው ከምን እንደመጣ ዓይንሽ ያውቃል።

«ባው» ውድ ነገር፣ ሀብት የሚለውም እንዲሁ ነው። ድሮ ከጣሪያ ሥር ጄድ ድንጋይ፣ እንስራና ዛጎል ነበሩት፤ አሁን ጣሪያውና ድንጋዩ ብቻ ቀሩ። የኢንተርኔት ገበያው ታውባው እና የክፍያው መተግበሪያ ጅፉባው ስማቸው የሚያልቀው በዚህ ሃንዚ ነው።

«ሠራተኛ» እና «ደንብ» ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እነሱ ውስጥ ያለው መጀመሪያውኑ ዛጎል አልነበረም። «ዲንግ» የሚባል ሥጋ የሚቀቀልበትና ለመሥዋዕት የሚቀርብበት የነሐስ ድስት አለ፤ ብዙዎቹ ሦስት እግር አላቸው። ሥዕሉ በዘመን ብዛት እየሳሳ ሄዶ በአንዳንድ ሃንዚዎች ውስጥ ከዛጎል ጋር አንድ መልክ ያዘ። ደንብ የሚለው «ዘ» በግራው ያ ድስት፣ በቀኙ ቢላ ነው። ምግብ ቤት አስተናጋጅ በሚለውና ፋብሪካ ሠራተኛ በሚለው ውስጥ ያለው «ዩዌን» ደግሞ ከታች ድስት፣ ከላይ ክብ አፍ ነበር፤ ጥንት ትርጉሙ ክብ ማለት ነው። ለሰው መጠሪያ ሲያገለግል ክብ ለሚለው ዙሪያውን በአጥር ከልለው ሌላ «ዩዌን» ሠሩ። ቻይና ብር ካለሽ አውጪና ተመልከቺ፤ ኖቱ ላይ ከቁጥሩ ቃል ቀጥሎ የታተመው ያ በአጥር የተከለለው ዩዌን ነው። በቻይና ገንዘብ ላይ ዛጎል የመሰለሽ ነገር ድስት ነው ማለት ነው! እኔ ይህን ባወቅሁ ቀን ያደረብኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

ሌባ የሚለው «ዜይ» እንኳ ዛጎል ስላለው «ገንዘብ የሚወስድ ሰው» ተብሎ ይተረጎማል። ሆኖም ሲፈጠር ከጦር መሣሪያና ከዚያ ደንብ ከሚለው «ዘ» ነው የተሠራው፤ መጀመሪያ ትርጉሙም መጉዳት ነበር። በየፖስተሩ የሚለጠፈውን የ«ዪንግ» ማሸነፍ ትንታኔ ደግሞ አትመኚው፤ አምስት ክፍሎቹን እየበተኑ ንቃት፣ ንግግር፣ ጊዜ፣ ገንዘብ፣ የተረጋጋ መንፈስ ይሉታል። ከዛጎሉ በስተቀር ያሉት አራቱ አብረው አንድ የድምፅ ክፍል ናቸው። በዛጎሉ ቦታ «ሴት» ስታስገቢ የቺን ነገሥታት የዘር ስም ይሆናል፣ እሱም «ዪንግ» ነው የሚባለው። ምክሩ መልካም ነው፣ የሃንዚው ታሪክ ግን አይደለም።

በመልክ የሚያሳስቱ ሁለት አሉ። «ጂየን» ማየት እንደ ዛጎል ሆኖ የመጨረሻው ጭረት ነጥብ ሳይሆን ተጠምዝዞ ወደ ላይ የሚነሳ ጅራት ነው። «የ» ገጽ የሚባለው ደግሞ አናቱ ላይ ባርኔጣ የደፋ ዛጎል ይመስላል፤ እሱ በአብዛኛው በቀኝ በኩል ነው የሚቆመው፣ ወገኑም የራስና የፊት ቃላት ናቸው።

ዛጎሉ ራሱ በቀኝ ከቆመ ግን ቆም በዪ፤ እዚያ ድምፅ ሰጪ ሆኗል ማለት ነው። ባሪየም የሚባለው ንጥረ ነገር በግራው ብረት፣ በቀኙ ዛጎል ሆኖ «ቤይ» ይባላል። ግድብ በግራው አፈር፣ በቀኙ ዛጎል ሆኖ «ባ» ይባላል። የእኛን የህዳሴ ግድብ በቻይንኛ ዜና «ፉሺንግ ዳባ» ሲሉት ያን ሃንዚ ታዪዋለሽ፤ አፈሩ ትርጉሙ፣ ዛጎሉ ድምፁ ነው። መሸነፍ የሚለው «ባይ» ብቻ ወጣ ይላል። ዛጎሉ በግራ ቆሞ በቀኙ ዱላ የያዘ እጅ አለ፤ ሆኖም ካንግሺ የሚያስቀምጠው በእጁ መደርደሪያ ነው።

አጠቃቀም ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ። «ጉዌይ» ውድ ነው፣ አክብሮትም ነው፤ የሰው የቤተሰብ ስም በትሕትና ስትጠይቂ «ኒን ጉዌይ ሺንግ?» ትያለሽ። ተቃራኒው «ጂየን» ግን ለርካሽ ዕቃ አትጠቀሚበት፤ ዛሬ በሰው ላይ ሲነገር ከባድ ስድብ ነው። ዋጋ ረከሰ ለማለት «ፒየንዪ» በዪ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ስቶር ውስጥ ከምታዪያቸው ወረቀቶች ዛጎል ያለባቸውን እየለቀምሽ በአንድ ደብተር ጻፊ። በእያንዳንዱ አጠገብ ዛጎሉ መደርደሪያ ነው፣ ድምፅ ነው ወይስ ድስት ነው የሚለውን ምልክት አድርጊ፤ የቀረው ክፍል ድምፁን ከሰጠሽም አስምሪበት። ሃያ ሲሞሉ አብዛኞቹ መደርደሪያ መሆናቸውን ራስሽ ታዪዋለሽ፤ ያልሆኑትም በዓይንሽ ይለያሉ። እነዚያን ጥቂቶቹን ሸምድጃቸው።

ከአዲስ አበባ የተላከ ጭነት ሰነድ ሲደርስሽ ደግሞ የከተማዋን ስም በቻይንኛ አንብቢ፦ «ያዲሲ ያቤይባ»። ስድስት ሃንዚ ነው፤ አምስተኛው ዛጎል ነው፣ ብቻውን የቆመ። እዚያ ሀብትም ክብርም አያመለክትም፤ በ«አበባ» ውስጥ «በ» የቆመችበት ቦታ ላይ ነው የቆመው።